ስምንት ወር ከሙቀት መለኪያዋ «ሽጉጥ» ጋር፦ ሐረጎን ከሚወጣ የናፍጣ ሚኒባስ ባለቤት

ጥቅምት ላይ ነው የገዛኋት። ቃታ አላት፣ ቀይ ነጥብ ታበራለች፣ ያነጣጠራችሁበትን ነገር ሙቀት ሳትነኩት በቁጥር ትነግራችኋለች። ዋጋዋ ከአንድ ሙሉ ታንክ ናፍጣ ያንሳል። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን ከነበረው ጋር ግን እንዳታምታቷት፤ ያኛው ለሰው ትኩሳት ነው፣ ሞተር ላይ አይሠራም።

ያስገዛኝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው የሐረጎ አቀበት ነው። ሚኒባሴ ኮምፒውተር የማያውቅ አሮጌ ናፍጣ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ ሰውና ዕቃ ጭኜ ስመለስ ጠመዝማዛው መሀል ላይ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ዳር ይዤ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። አንድ መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው። ያ ለኔ የወር ገቢ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መለኪያዋን ልጥላት ነበር። ውሃው እየፈላ የቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) ቤት ስለካው 55 ዲግሪ አለችኝ! ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ስታነጣጥሩ አሳንሳ ታነባለች። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፌ በቴፑ ላይ ስለካ ተስተካከለች። ጎማ ቱቦና ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ላይ ችግር የለባትም። ቀይዋ ነጥብ ማነጣጠሪያ እንጂ መለኪያ አይደለችም። የኔዋ 12:1 ተጽፎባታል፦ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት የምታነበው የ1 ሳንቲ ሜትር ክብ ነው፣ ከአንድ ሜትር ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ አማካይ ትሰጣችኋለች። ስለዚህ ጠጋ በሉ፤ ከፋኑና ከቺንጋው ግን እጃችሁን አርቁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዋን አሳየችኝ። በደሴ ብርድ ጠዋት ሞተር አስነስቼ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ መለካት ጀመርኩ። ደህና ቴርሞስታት ካለ ቱቦው ቀዝቅዞ ይቆይና ሞተሩ 82 አካባቢ ሲደርስ በአንዴ ይሞቃል። የኔው ከመነሻው አብሮ ቀስ እያለ ሞቀ። ሲፈታ ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም! የቀድሞው ባለቤት አስወልቆታል። «አገራችን ብርድ ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ናፍጣ ሞተር በደንብ ካልሞቀ ይጨሳል፣ ነዳጅም ይበላል።

ዋናው ግን ራዲያተሩ ነበር። ሞተሩ እንደጋለ አጥፍቼ ፊቱን ከዳር ዳር ስቃኘው ጎንና ጎኑ ከ80 በላይ ነው፣ መሀሉ ከታች 50 እንኳ አይሞላም። ቀዝቃዛው ቦታ ውሃ የማያልፍበት፣ የተደፈነ ነው። ስንት ዘመን የቦርከናን ውሃ በጀሪካን ስንሞላበት ኖረን ምን ይሁን? ወርዶ፣ ተከፍቶ፣ ቧንቧዎቹ ተጠራርገው ተመለሰ። ቴስታታው አልተነካም። መለኪያዋ ስለ ጓርኒሲዮን ምንም አትነግራችሁም፤ እሱን ጠዋት በብርዱ ክዳኑን ከፍቼ ሞተር አስነስቼ ነው ያየሁት። አረፋ ያለማቋረጥ ቢወጣ መካኒኩ ትክክል ይሆን ነበር።

ያላገኘችልኝ ነገርም አለ። ራዲያተሩ ከታጠበ በኋላም ደሴ ገብቼ ስቆም ውሃ ይተፋ ነበር፤ ቴፑ ላይ ግን 93 ብቻ። ግራ ገባኝ። ለካ በደሴ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 አካባቢ ይፈላል! ከዚያ የሚያሻግረው የክዳኑ ግፊት ነው፤ 0.9 (ባር) የተጻፈበት ደህና የራዲያተር ክዳን የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የኔው ስፕሪንጉ ሞቶ ነበር። ግፊትን ይህች ዕቃ አታይም። ክዳን ግን ሞተሩ ትኩስ እያለ በፍጹም እንዳትከፍቱ፣ ፊት ይልጣል።

ባትሪዋ ሁለቴ አልቋል። መስታወቷ አቧራ ሲይዘው ቁጥሯ ይዘላል፤ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጓት። ቅርጿ ግን ያስቸግራል፦ ኬላ አካባቢ ከካርቶኗ አታውጧት። መጀመሪያ ቀን መንገድ ዳር ሳወጣት አንዲት እናት «ወየው ልጄ!» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ባለፈው ሰኞ እኒያው እናት ተሳፍረው ነበር። ሐረጎ አናት ላይ ቆሜ ለካሁ፦ ቴፑ 90፣ የላይኛው ቱቦ 87፣ የታችኛው 78። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ስመለስ «ዛሬስ ሳትተኩስበት ወጣልህ?» አሉኝ።