የኋላ ፍሬን ሸራዬ አምስት ወር ሳይሞላው ተላጠ

ነሐሴ ላይ ነው። 12 ቀን ዝናብ ላይ የቆመችውን ሞተሬን ልገፋት ብል የኋላ ጎማዋ ንቅንቅ አልል አለ። የሱሉልታን ክረምት የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ላስቲክ ብታለብሳትም እርጥበቱ ከሥር ይገባል። ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ዝጎ ሸራውን፣ ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመውን፣ ይዞት ነው ብዬ ወደፊትና ወደኋላ ወዘወዝኳት። "ቀጭ!" ብሎ ለቀቀ። ከሰፈር ሳልወጣ ፍሬኑን ብረግጠው ፔዳሉ ታች ድረስ ወረደ። አልያዘም። በፊት ፍሬን አቆምኳት።

ይሄ ጫንጮ መንገድ ላይ ቢሆንስ? እዚያ ከደርባ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከኋላህ አይጠፋም። አሁንም ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

ቦክሰር 100 ናት፣ 11 ዓመቷ። በእሷ ቅሬታ የለኝም። ሸራውን የገዛሁት መጋቢት መጨረሻ ላይ መርካቶ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር ከተማ ስለማይገባ በታክሲ ወርጄ። ሻጩ ሁለት ካርቶን አወጣ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ። "ያው ናቸው ወንድሜ፣ የምትጨምረው ለካርቶኑ ነው" አለኝ። አመንኩትና ርካሹን ያዝኩ።

ጎማውን ሳወርድ ሸራው ታምቡሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የተሸከመው አሉሚኒየም ራቁቱን ነው። የተላጠውን ሸራ ውፍረት ለካሁት፣ 3 ሚሊሜትር ተኩል። ሸራ የሚጣለው 2 ሚሊሜትር ሲቀረው ነው። ስለዚህ አላለቀም፤ የለቀቀው ሙጫው ነው። ሙጫው የነካው መሃል መሃሉን ብቻ ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ውሃ ገብቶ አሉሚኒየሙ ነጭ ዝገት አብቅሏል። "ዝናቡ ነው" ትለኝ ይሆናል ወንድሜ። ከእሱ በፊት የነበረው ሸራ እኮ አራት ክረምት አሳልፏል!

በጣም ያናደደኝ ደግሞ በየሳምንቱ አይ የነበረ መሆኔ ነው። የታምቡሩ ክዳን ላይ አንዲት ቀስት አለች። ፍሬኑን ስትረግጥ ከምልክቱ ካላለፈች ሸራው ገና ነው ማለት ነው። ቀስቷ የምትናገረው ግን ውፍረቱን ብቻ ነው። ሙጫውን አታውቅም። ከእንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ጎማውን አውርጄ የሸራውን ጠርዝ በጥፍሬ እፈትናለሁ።

ውዱን ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት። አቧራውን እፍ አላልኩም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የታምቡሩን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ። የውስጥ ስፋቱ 110 ሚሊሜትር ነው፤ ተበልቶ ከልኩ በላይ ከሰፋ ይጣላል። ሸራዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ አውጥቼ አጸዳሁና ግራሶ ቀባሁት፣ በጣም ስስ አድርጌ። ከበዛ ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል። ሁለቱን ሸራዎች በሞላቸው አያይዤ፣ እንደ መጽሐፍ አጥፌ ቦታቸው ላይ ተጫንኳቸው። ፔዳሉ ከመያዙ በፊት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር እንዲወርድ አድርጌ ዳዶውን አስተካከልኩ።

ይኸው ሦስት ወሩ። ይይዛል። እጥፍ መክፈሌ አንድም ቀን አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ መጋቢት ላይ ያተረፍኳት ብር ናት። የተላጠውን ሸራ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ መርካቶ ስወርድ እዚያው ባንኮው ላይ አኖርለታለሁ፣ ከነካርቶኑ።