ብሮኬድ ወይስ ሲስኮ ኤምዲኤስ? የሳን ስዊች ስምና የመጀመሪያ ቅንብር

ብሮኬድና ሲስኮ ኤምዲኤስ ሰርቨርን ከስቶሬጅ ጋር በሚያገናኘው ኔትወርክ (ሳን) ላይ የሚሠሩ ስዊቾች ናቸው። ስም መስጠቱ ሁለቱም ላይ ቀላል ነው። ብሮኬድ ላይ «ስዊችኔም» ብለው ስሙን ማስከተል ነው፤ እዚያው ይቀመጣል። ሲስኮ ላይ መጀመሪያ ኮንፊግ ሞድ (ቅንብር መቀየሪያው) ገብተው ስሙን ይሰጣሉ። ስሙ ወዲያው ይታያል፤ ራኒንግ ኮንፊጉን (አሁን የሚሠራበትን ቅንብር) ወደ ስታርትአፕ (ሲነሳ ወደሚያነበው) ካልገለበጡት ግን ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ስሙም የለም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ዶሜይን አይዲ (ስዊቹ በሳኑ ውስጥ የሚለይበት ቁጥር) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 239 ነው፤ በአንድ ፋብሪክ (እርስ በርስ በተያያዙ ስዊቾች መረብ) ውስጥ መደገም የለበትም። ብሮኬድ ላይ ለመቀየር ስዊቹን ዲሴብል ማድረግ (ለጊዜው ከሥራ ማውጣት) ግድ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨር ሳይሰካ በፊት ይጨርሱት። ሲስኮ ለእያንዳንዱ ቪሳን (በስዊቹ ላይ ተከፍሎ ለብቻው የሚሠራ ምናባዊ ሳን) የየራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ለውጡ የሚረብሸው ያንኑ ቪሳን ብቻ ነው።

ሁለት ስዊች ብቻ ላለው ክፍል እኔ ብሮኬድን እመርጣለሁ። ብቻ «ስዊች1» ብላችሁ እንዳትሰይሙት፤ «አዲስ-ፋብሪክኤ-01» ቢባል ኬብል የሚነቅለው ልጅ አይሳሳትም።