ለትንሽ ቢሮ የቱ ራውተር ይሻላል? ባለ አራት አንቴናው ወይስ ሚክሮቲክ

«ለቢሮ ራውተር ልገዛ ነው፤ የቱን ልውሰድ?» በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። ሦስቱ የደወሉልኝ ሱቅ ውስጥ ቆመው ነው። ሻጩ አጠገባቸው እየጠበቀ ሁሉን ነገር በስልክ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአምስት ኮምፒውተር በላይ ላለው ቢሮ ሚክሮቲክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራትን ትንሽ ባለ አምስት ፖርት ራውተር፣ ሄክስን ግዙ። ዋጋው ከባለ አንቴናው የቤት ራውተር እጥፍ ይበልጣል። ዋይፋይም የለውም። ሁለቱንም እያወቅኩ ነው ግዙ የምላችሁ።

እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት በራሴ ብር ነው። እህቴ የሂሳብ ሥራ የምትሠራበት ቢሮ አላት፤ ዘጠኝ ሠራተኞች ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ራውተር እንድገዛላት ጠየቀችኝ። አንዱ ሱቅ ባለ አራት አንቴናውን የቤት ራውተር 6,900 ብር አለኝ። ከጎኑ ያለው ያንኑ ካርቶን 5,200 አለኝ። «ወንድሜ፣ እሱም እኔም የምንሸጠው አንድ ነው፤ እኔ በብዛት ስለማመጣ ነው» አለኝ። 1,700 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እህቴ ደወለች። «ፋይል ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ምንድነው የገዛህልኝ?» ሄጄ አየሁት። ካርቶኑ ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ይላል። ኬብሉን ስሰካ ላፕቶፔ የሚያሳየኝ ግን 100 ሜጋቢት ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ ፖርት (የኬብሉን መሰኪያ) ቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከሥሩ ያሉትን ጎማዎች ነቅዬ ብሎኖቹን ፈታሁ። ከአራቱ አንቴናዎች የሁለቱ ሽቦ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። የሌሎቹ የሁለቱ ሽቦ ጫፍ ፕላስቲኩ ላይ በሙጫ ተለጥፏል። የትም አይደርስም። ይዤው ስመለስ «ከፍተኸዋል፤ የተከፈተ ዕቃ ጋራንቲ የለውም» አሉኝ። 5,200 ብሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ከጎረቤቱ ሱቅ በ6,900 እውነተኛውን ገዛሁ። እሱ በደንብ ሠራ፤ አላማውም። ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አዳፕተሩ ይመታል። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት አዳፕተር ተቃጠለ፤ አንዱ 650 ብር። ደምሩት። 5,200 እና 6,900 እና 1,300፤ 13,400 ብር ወጣ። ያኔ ሄክሱን ከዚያ ባነሰ ብር አገኘው ነበር።

አሁን ስላለው ዋጋ ላውራ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። ለአንድ ዓይነት ሄክስ 13,800፣ 15,500 እና 18,000 ብር ተባልኩ። ውጭ አገር የሚሸጥበት ዋጋ 60 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር በዕለቱ ምንዛሪ አባዙት። ማጓጓዣውንና ቀረጡን ጨምሩበት። ከዚያ በላይ ያለው የነጋዴው ትርፍ ስለሆነ የምትከራከሩት እዚያ ላይ ነው። አዲስ ነው የተባለው ዕቃ ከ60 ዶላሩ ምንዛሪ ራሱ በታች ከተጠራላችሁ ግን ጥላችሁት ውጡ። በዚያ ዋጋ ማንም አያመጣውም። ወይ ያገለገለ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡት፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ ከመዳፍ ትንሽ ነው የሚበልጠው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከአሜሪካ ዋይፋይ ያለውን የሚክሮቲክ ሞዴል ካስመጣችሁ በአገሩ ፍሪኩዌንሲ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሄክስ ዋይፋይ ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር አፕዴት ነው። ሚክሮቲክ የላትቪያ ኩባንያ ነው፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪጋ ላይ ይሠራል። ትንሹም ትልቁም ራውተሩ የሚሠራው በአንድ ሶፍትዌር ነው፣ ራውተር ኦኤስ በሚባለው። እኔ የምላችሁ ሄክስ፣ አርቢ 750 ጂአር 3 የሚባለው፣ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ራውተር ኦኤስ 7ን ይቀበላል። ፈቃዱ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ በየዓመቱ የምትከፍሉት የለም። ርካሽ የቤት ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓመት በኋላ አፕዴቱ ይቆማል። መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ጠላፊ የሚገባበት ቀዳዳ ክፍት እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳ አንዳንድ የቆዩ የቲፒ ሊንክ የቤት ራውተር ሞዴሎችን ጥቃት እየደረሰባቸው ካሉት ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። 841 ኤን፣ 740 ኤን እና 940 ኤን የሚባሉት ናቸው። እነዚህን ሞዴሎች ዛሬም በየቢሮው ጥግ አያቸዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ስቲከር ገልብጣችሁ አንብቡ።

ሚክሮቲክ አይነካም እያልኩ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ዊንቦክስ በሚባለው መቆጣጠሪያው ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ኩባንያው በሚያዝያ ደፈነው። አፕዴት ያላደረገው ግን ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት ከ200 ሺህ በላይ ራውተሮች ተጠልፈው በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ ሲቆፍሩ ተገኙ። መድኃኒቱ ወራት ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

እኛ ጋ የማየው ደግሞ ሌላ ነው። ሄክስ ከካርቶኑ ሲወጣ ከውጭ የሚመጣን የሚከለክል ፋየርዎል ተጭኖለት ይመጣል። አንዳንድ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ማጥፋት ነው። «ከዜሮ ልሥራው» ይላል። ኢንተርኔቱን ያስገባል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ፋየርዎሉን ሳይመልስ ይሄዳል። የዊንቦክስ በር 8291 ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የምትቀጥሩትን ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ፋየርዎሉን በዓይናችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በሞባይል ዳታ ሆናችሁ ከውጭ ለመግባት ሞክሩ። መግቢያው ከመጣላችሁ ሥራው አላለቀም።

ወደ ጥገና ልምጣ፤ ልቤን የወሰደው እዚህ ላይ ነው። ሄክስ ከ8 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል። አዳፕተሩ ሲቃጠል የግድ ያንኑ ፍለጋ አትዞሩም። ቀዳዳው የሚገጥም፣ መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ የ12 ወይም የ24 ቮልት አዳፕተር ይበቃዋል። በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። እህቴ ቢሮ ውስጥ አንድ የ12 ቮልት ባትሪ ከነቻርጀሩ አስቀመጥኩ። የፋይበር ሞደሙም 12 ቮልት ስለሆነ ሁለቱም ከእሱ ይጠጣሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሥራውን አያቋርጥም። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ግን የተጻፈላቸውን ቮልት ብቻ ነው የሚፈልጉት። 9 ቮልቱ ላይ 12 ሰክቶ ያቃጠለ ጓደኛ አለኝ።

ሁለተኛው ፖርት ነው። ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ የመጀመሪያው ሟች የኢንተርኔት ኬብሉ የሚሰካበት ፖርት ነው። የቤት ራውተር ላይ ያቺ አንዷ ከሞተች ዕቃው ብዙ ጊዜ አለቀለት። ሄክስ ላይ ከአምስቱ የፈለጋችሁትን የኢንተርኔት መግቢያ ማድረግ ይቻላል። ፖርት 1 የተቃጠለበት አንድ ሄክስ ፖርት 5 ላይ ይኸው ስምንት ወር ሠራ።

ሁለት መስመር ላላችሁም እሱ ነው የሚሆነው። የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበርና የሳፋሪኮም ፎርጂ ካላችሁ፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ራሱ ይረከባል። ግን ባለሙያው እንዳያታልላችሁ። ቀላሉ አሠራር የሚፈትሸው ሞደሙ መኖሩን ብቻ ነው። መስመሩ ውጭ ቢቆረጥም ሞደሙ «አለሁ» ይላል፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። ከሞደሙ አልፎ ሩቅ ያለ አድራሻ እንዲፈትሽ ይደረግ። ሲያስረክባችሁ ከሞደሙ ጀርባ የፋይበሩን ገመድ ንቀሉና ጠብቁ። ኢንተርኔቱ ካልተመለሰ አልሠራውም።

ዋይፋዩስ? አሮጌውን የቤት ራውተር አትጣሉት። አፕዴት ካለው አድርጉለት፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ደብሊው ፒ ኤስን፣ ማለትም ፓስወርድ ሳይጻፍ የሚያገናኘውን፣ አጥፉ። አድራሻ ማደሉን፣ ማለትም ዲኤችሲፒውን፣ ዝጉበት። ከዚያ ከአንዱ ላን ፖርቱ (ኮምፒውተር ከሚሰካበት) ወደ ሄክሱ ፖርት 3 አገናኙት። ያንን ፖርት ለእንግዳ ብቻ ለዩት፤ የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ ፋየርዎሉ ወደ ቢሮው ኮምፒውተሮች እንዳያሳልፈው። ደንበኛ ዋይፋይ ሲጠይቅ የእህቴ የሂሳብ ፋይል ያለበት ኔትወርክ ውስጥ አይገባም። ለሠራተኞች ዋይፋይ ግን አፕዴቱ ያልቆመ ዕቃ ነው የምፈልገው። ለዚያ ሌላ ብር መድቡ።

ሰልባጅ የሲስኮ ራውተር የሚያማልላቸውም አሉ። ግዙፍ ነው፣ ስሙም ያስፈራል። ማራገቢያው ይጮኻል፣ መብራት ይበላል፣ ለሶፍትዌሩ አፕዴት ውል ይጠይቃል። ሲሲኤንኤ፣ የሲስኮን የኔትወርክ ሰርተፊኬት፣ ለመማር ከሆነ ግዙት። ለቢሮ አይሆንም። ቤት ውስጥ አራት ስልክና አንድ ቲቪ ብቻ ላለው ደግሞ እውነተኛ የቤት ራውተር ይበቃዋል፤ ሄክስ ወስዶ ለባለሙያ መክፈል የለበትም።

ሱቅ ስትገቡ ላፕቶፕና አንድ ኬብል ያዙ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ዕቃውን ይሰካው። ዊንቦክስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ራውተርቦርድ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከሥሩ ካለው ስቲከር ጋር አንድ መሆን አለበት። ሚክሮቲክ ነው ተብሎ ራውተር ኦኤስ የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ከሰጧችሁ ፈቃዱን እዩ። የተሰበረ ፈቃድ ከሆነ አፕዴት በሞከራችሁ ቀን ሊሞት ይችላል። የኬብሉን ፍጥነትም እዩ፤ ላፕቶፓችሁ ጊጋቢት ከሆነ 1 ጊጋቢት ማለት አለበት። «እዚህ አይከፈትም» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደረሰኙ ላይም ሲሪያሉን አስጽፉ።

ቤት ስትደርሱ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ አፕዴት አድርጉ፣ ሴቲንጉን ወደ ፋይል ኤክስፖርት አድርጋችሁ ከራውተሩ ውጭ አስቀምጡ። በራውተር ኦኤስ 7 ኤክስፖርቱ ፓስወርዶችን ይደብቃል። «ሾው ሴንሲቲቭ» የሚለውን ካልጨመራችሁ በምትመልሱበት ቀን የቪፒኤኑ (ከውጭ ወደ ቢሮው የሚያስገባው መስመር) ቁልፍ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፋይሉ ቁልፎቹን ስለያዘ በቴሌግራም አትላኩት። እኔ የእህቴን ፍላሽ ላይ አድርጌ ደረሰኙ ካለበት ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።