እማዬና አባባ በተጋቡ በሃምሳ ዓመታቸው ተሞሸሩ

እማዬና አባባ የተጋቡት ጥር 1967 ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና አራት ወሩ። ወሎም ከድርቁ አላገገመችም። ሰርጋቸው ድፎ ዳቦና ቡና ነበር። «እህል ባይኖርም መራቂ ሞልቶ ነበር» ትላለች እማዬ።

ስለዚህ ጥር 2017 ከዳላስ ስመጣ፣ ከእህቶቼ ጋር አንድ ነገር ቆረጥን። ያኔ ያልተበላውን ድግስ እንደግስላቸዋለን፤ ሁለት ሌሊትም ሆቴል እናሳድራቸዋለን። ሁለቱም ሆቴል አድረው አያውቁም። እማዬ «ደሴ ቤቴ እያለ በብር ልተኛ?» ብላ ለሦስት ቀን ተከራክራናለች።

የመረጥነው ሆቴል ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጽድ፣ አበባ፣ ለምለም ሣር። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠቅስም። ቀብዱን እህቴ በቴሌብር ከፈለች፤ ደረሰኙም ወዲያው መጣ። ቦታውን የመረጥነው ለአየሩም ብለን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ጠዋቷ አጥንት ይሰብራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ለአባባ ጉልበት ትሻላለች።

ከደሴ ያወረዳቸው የኮንትራት ሚኒባስ ሹፌር ምስጋና ይገባዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መታጠፊያው አያልቅም፣ ከባድ መኪናው ይጠጋጋል። ልጁ አንዴም ሳይቸኩል፣ እማዬ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር «አብሽሩ እማማ፣ ደርሰናል» እያለ አወረዳቸው። የተነጋገርነው ዋጋ ላይም ሳንቲም አልጨመረም።

ወቀሳዬ ይኸውና። ስደውል ምድር ቤት ክፍል እንደሚሰጡን ቃል ገብተውልኝ ነበር። ስንደርስ የተያዘልን ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሊፍቱም ቆሟል። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ የሚያናግረው እኔን ብቻ ነው። ከውጭ የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል። እማዬና አባባ እንደ ዕቃ ጎን ላይ ቆመው ቀሩ። በጣም ከፋኝ። የተከበረው እንግዳ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

ያዳነን የአስተናጋጆቹ አለቃ ነው። ጉዳዩን ሰምቶ መጣና ቀጥ ብሎ ወደ አባባ ሄደ። ዝቅ ብሎ ሰላም አለው፤ «አባባ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቁጭ ይበሉ» አለና ወንበር አቀረበለት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው ላይ በሩ የሚከፈት ክፍል ተሰጣቸው። ማታ ሻወሩ ሙቅ ውሃ እምቢ ሲል ያው ሰው በሁለት ባልዲ አስሞቆ አስመጣ። ውሃው በማግስቱ ተስተካክሏል።

ስለ ድግሱ ግን ረጅም ማውራት እፈልጋለሁ። የጠራነው ወደ ሰላሳ ሰው ነው፤ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን። የደሴ ሰፈር እንዲህ ነው። ወጥ ቤቱን የምትመራው ሴት ከሳምንት በፊት ስልክ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ዋጋ አይደለም። «ስንቱ የእስላም፣ ስንቱ የክርስቲያን ይሁን?» ነው ያለችኝ። ዳላስ ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። በዕለቱ ሁለት በግ በየወገኑ ታረደ። ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ጭልፋው ሁሉ ለየብቻ። ሁለት ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ በየትኛው ላይ ምን እንዳለ የሚያሳዩ ሁለት ልጆች ቆሙ። ማንም ተሳቆ አልበላም። የአርባ ዓመት ጎረቤታችን፣ እማዬ አራስ ሳለች ያረሰቻት ሴት፣ ሳህኗን ይዛ መጥታ ከእማዬ ጎን ተቀመጠች፤ እየተጎራረሱ ባይሆንም እየተሳሳቁ በሉ። ጥብሱ ለስላሳ ነበር። ዶሮ ወጡ ቁሌቱ በደንብ በስሏል። ኬኩ ስኳር በዝቶበታል፤ በቀረ ይሻል ነበር።

ቡናው ሣሩ ላይ ተፈላ። ፈንዲሻው ተበተነ፣ እጣኑ ጨሰ። አቦሉ ላይ ጎረቤቶቻችን ዱዓ አደረጉ፤ በረካው ላይ የአባባ የንስሐ አባት መረቁ። ሁላችንም አሜንም አሚንም አልን። የሆቴሉ ሠራተኞችም ከበው ቆመው ነበር፤ ማንም ግቡ ሳይላቸው እልል አሉ።

ሒሳቡ ላይ ያልጠጣነው ስድስት ለስላሳ ተደምሮ ነበር። ስናሳያቸው ሳይከራከሩ ቀነሱት።

ልንወጣ ስንል ክፍል የምታጸዳው ልጅ እየሳቀች መጣች። እማዬ ሁለቱንም ጠዋት አልጋውን ራሷ አንጥፋ፣ ፎጣውን አጥባ አስጥታ ነው የጠበቀቻት። «እማማ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» ስትላት፣ እማዬ ጉንጯን ስማ «አንቺም እንግዳ ሁኚ እስቲ» አለቻት። ጉርሻ ልሰጣት ቦርሳዬን ስከፍት፣ አባባ ቀድሞኝ ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ የእማዬን ክንድ ያዘና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።