ታንኳ ለመረጡልን የኢሊው ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የሚኒሶታ ወገኖች፤

ለወጣቶች ካምፓችን ታንኳ በማስመረጥ ለረዱን፣ ኢሊ ከተማ ውስጥ ታንኳ ለሚያከራዩና ለሚጠግኑ አዛውንት ምስጋናችን ከልብ ነው። የሚሸጥ ዕቃ ደጃቸው ተደርድሮ እያለ «ይሄ ለእናንተ አይሆንም» የሚል ነጋዴ በየቦታው አይገኝም። ልጆች ይዞ ወደ ባውንደሪ ዎተርስ፣ ማለትም በሰሜን ሚኒሶታ ወዳለው የሐይቆች ጥብቅ አካባቢ፣ ለመውጣት ያሰበ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ማኅበር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እሳቸውን ያነጋግር።

መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ናችሁ? ታንኳውን በየብስ የሚሸከመውስ ማነው?» ብለው ነው። በባውንደሪ ዎተርስ አንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ መብለጥ አይችልም። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚያሻግረው ፖርቴጅ የሚለካው በሮድ ነው፤ 1 ሮድ 16.5 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ግድም ነው። ካርታው ላይ «100» የተጻፈበት መንገድ ታንኳ ትከሻ ላይ አድርጎ ግማሽ ኪሎ ሜትር መሄድ ነው፣ ድንጋይና ጭቃው ሳይቆጠር። ስለዚህ ክብደት ከሁሉ ይቀድማል። የተለመደው ባለ 17 ጫማ አልሙኒየም 75 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ከ80 ያልፋል፣ ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ክር የሚሠራው ቀላሉ ታንኳ ግን ከ40 ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ሁሉንም ኬቭላር ለምን አንገዛም? አዲሱ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው፤ ደግሞም ጠጠር ላይ መጎተትን አይችልም። ኬቭላር የሚጫነውም የሚራገፈውም ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ፣ እግር እየረጠበ ነው። ጀማሪ ልጅ ዳር ሲደርስ የሚቀናው ወደ አሸዋው መግፋት ነው። ምክራቸው እንዲህ ነበር፦ ካምፑ ሐይቅ ላይ ለሚደረገው ልምምድ ያገለገለ አልሙኒየም ግዙ፣ ትልልቆቹ ልጆች ለሚወጡበት ጉዞ ኬቭላር ተከራዩ። ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማንም። አልሙኒየም ድምፁ ይረብሻል፣ ድንጋይ ሲነካም ከመንሸራተት ይልቅ ይነክሳል፤ ቢሆንም የልጅን አያያዝ የሚችል እሱ ነው። ገበያ ላይ ሮያሌክስ ከሚባለው ድርብርብ ፕላስቲክ የተሠራ ያገለገለ ታንኳም ታገኛላችሁ። ጥሩ ታንኳ ነው፣ ማምረቱ ከቆመ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የእንጨት ጠርዝ ያለውን በክረምት ብርድ ብሎኖቹን ሳያላሉ ካስቀመጡት ይሰነጠቃል።

ያገለገለ አልሙኒየም ሲመረምሩ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ታንኳውን አናጢ በሚጠቀምባቸው ሁለት የእንጨት መደገፊያዎች ላይ ያስቀምጡና ሦስት ኢንች ያህል ውሃ ውስጡ ያፈሳሉ። ከዚያ ከሥር ተንበርክከው በባትሪ እያበሩ እያንዳንዱን ሪቬት፣ ማለትም ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ምስማር፣ ያያሉ፤ የሚያንጠባጥበውን በጠመኔ ያከብቡታል። ከላላ አንድ ሰው በአንድ በኩል ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከወዲያ በመዶሻ ያጠብቀዋል። ጥቂት ሪቬት ማንጠባጠቡ ዋጋ መቀነሻ እንጂ እንቢ የሚያስብል አይደለም። እንቢ የሚያስብለው ሌላ ነው፦ ታንኳውን ገልብጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ እዩት። መሃል ላይ የጎበጠ ወይም የተጣመመ ከሆነ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ የተቃና ነውና ተዉት።

ብዙ አከራይ የማያነሳው የትከሻ ቀንበሩን፣ ማለትም ታንኳው ሲገለበጥ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የመሃል አግዳሚ እንጨት፣ ነገር ነው። ትራሶቹ የተራራቁት ለአዋቂ ትከሻ ነው፤ ጠባብ ትከሻ ያለው ልጅ ላይ ወደ ውጭ ይወርዱና እንጨቱ አንገቱ ላይ ያርፋል። ሰውዬው የእያንዳንዱን ልጅ ትከሻ አይተው ትራሶቹን አቀራርበው ያስራሉ። ሚዛኑም ኋላው ትንሽ ከበድ እንዲል ያደርጋሉ፤ ያኔ አፍንጫው ቀና ይልና ተሸካሚው መንገዱን ያያል።

ሲጫን ከውሃው እስከ ጠርዙ ቢያንስ 6 ኢንች እንዲቀር በሜትር ለኩ። ለየታንኳው አንድ ትርፍ መቅዘፊያ ያዙ። ትሬለር ላይ ስታስሩ ራቸት በሚባለው የብረት ማጥበቂያ አታጥብቁ፣ ኬቭላርን ይሰብረዋል፤ በእጅ የሚሳብ ማሰሪያ ይበቃል። መንገድ ላይ ከተቀደደ በደንብ አድርቃችሁ ጥግ ጥጉ በክብ የተቆረጠ ደክት ቴፕ ለጥፉ። ኢፖክሲውንና የፋይበርግላሱን ጨርቅ ለእሳቸው ተዉላቸው።

ሚኒሶታ ውስጥ ከ10 ጫማ የሚረዝም ታንኳ ምዝገባ ያስፈልገዋል፤ ያገለገለ ስትገዙ ወረቀቱን ከሻጩ ተቀበሉ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትደውሉ የልጆቹን ብዛት፣ ዕድሜና ክብደት ይዛችሁ ይሁን፣ እሱን ሳይሰሙ ዋጋ አይናገሩም። ለሐምሌና ነሐሴ ኬቭላር ቶሎ ስለሚያልቅ በረዶው ሳይቀልጥ ደውሉ።