ኤልኢዲ፣ ጄኔሬተር፣ ሶላር ወይስ ምድጃ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች

ርእሰ መምህር ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ከሆናችሁ ጥያቄው አይቀርላችሁም። የመብራት ቢልና ጭስ ለመቀነስ ያለችውን ብር ምን ላይ እናውላት? ሻጭ ሁሉ የያዘውን ያወድሳል። እስቲ ጎን ለጎን እንያቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ቢል የሚቀንሰው ዕቃና ካርቦን የሚቀንሰው ዕቃ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። አምፖል ስትቀይሩ ቢሉ ይወርዳል፣ ልቀቱ ግን ብዙም አይነካም። የትምህርት ቤታችሁ ካርቦን ያለው ጓሮ ነው፦ ጄኔሬተሩ ጋ እና ማእድ ቤቱ ጋ።

ፍሎረሰንት ወይስ ኤልኢዲ

ይሄኛው ቀላል ነው። 36 ዋት የሚባለው ረጅም ፍሎረሰንት ከነባላስቱ (አምፖሉን የሚያስነሳው ዕቃ) ወደ 45 ዋት ይበላል። ምትኩ ኤልኢዲ 18 ዋት ነው። ስድስት መብራት ያለው ክፍል በቀን አራት ሰዓት ቢያበራ፣ በ200 የትምህርት ቀን 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ሃያ ክፍል ከሆነ ወደ 2,600። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ጥቅሙም አብሮ ያድጋል። የማታ ተማሪ ካላችሁ አታመንቱ። ቀን ብቻ የምታስተምሩ ከሆነ ግን ጣሪያው ላይ ጥቂት ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ ማስገባት ከአምፖሉ በፊት ይታሰብበት። ኤልኢዲ ስታስገቡ ባለሙያው አሮጌውን ባላስት ከመስመሩ ያውጣው። ካልወጣ ዝም ብሎ መብላቱን ይቀጥላል።

ጄኔሬተር ወይስ ሶላር

ጄኔሬተር ሲገዙት ይረክሳል፣ ሲነዱት ይወደዳል። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በሳምንት አስር ሊትር ካነደዳችሁ 27 ኪሎ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሻጩ 5 ኪሎዋት ያላችሁ ዕቃ እዚህ 4 እንኳ ላይሞላ ይችላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ሶላሩ ለትምህርት ቤት የሚመች ጠባይ አለው። ደመናና ዝናብ የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ተማሪው እቤቱ ነው። በጋውን ፀሐይም ተማሪም አለ። ፓነል ሲሞቅ ስለሚደክም የደሴ ብርድ እንዲያውም ይጠቅመዋል። የሚያስቸግረው ባትሪው ነው። ርካሹ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ከተባለው 600 ዋት ሰዓት ብቻ እንደምትጠቀሙ አስቡ። ሊቲየሙ ወደ 1,000 ይሰጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ኮፒ ማሽን ካላችሁ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት። ማሽኑ ሲሞቅ ከ1,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ትንሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) አይችለውም።

የኔ ምርጫ ሁለቱም አይደለም። መብራት አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ ከመስመር የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃችኋል። የሚሞላው ከውሃ በመጣ መብራት ስለሆነ ጭስ የለውም። ፓነሉን ብር ሲገኝ ትጨምሩበታላችሁ። ይህን ሻጮች አይነግሯችሁም፣ ፓነሉ ነዋ የሚሸጠው።

ማእድ ቤት

ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ትልቁን ጭስ የሚያወጣው እዚህ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ባህር ዛፉ ከጉቶው መልሶ ካቆጠቆጠ የተወሰነው ይመለሳል፣ የወጥ ቤቷ ሳንባ ግን አይመለስም።

ከሦስት ጉልቻ እንጀምር፦ ግዢ የለውም፣ እንጨት ግን ይፈጃል። ለእንጀራ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሆነ ሲሰበር መተካት አይከብድም። በትልቅ ድስት ለሚሠራ ንፍሮና ወጥ ግን አይሆንም። ለዚያ ጭስ ማውጫ ያለው፣ ድስቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበት ትልቅ ምድጃ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካርቦኑ ከሁሉም ያንሳል፣ ነገር ግን አንዱ ብቻ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሦስት አራት ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩና ቆጣሪው ይችል እንደሆነ አስፈትሹ። መብራት በጠፋ ቀን ልጆቹ ጾማቸውን እንዳይውሉ የእንጨቱን ምድጃ አታፍርሱት።

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ 94። ስለዚህ ባቄላው እዚህ ላይኛው ከተማ ለመብሰል ይዘገያል፣ እንጨትም ይጨምራል። ማታ መዘፍዘፍና ድስት መክደን ምንም ሳይገዙ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። ምገባ ካለ ምድጃው ይቅደም። ምገባ ከሌለና የማታ ክፍል ካለ ኤልኢዲው። ጄኔሬተሩ በየሳምንቱ የሚነሳ ከሆነ ባትሪው። ምድጃ ለማሠራት ስትሄዱ ትልቁን ድስት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጉድጓዱ በድስቱ ልክ ካልወጣ ሙቀቱ በጎን ያመልጣል።