ፍሎረሰንት አንቲቦዲ ልትገዙ ያሰባችሁ የሀዋሳ የላብራቶሪ (ላብ) ሰዎች፣ ብር ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገን። ይህን የምጽፈው ሀዋሳና አካባቢው ላይ በላብ ምርምር ለምትሠሩ ሁሉ ነው። በተለይ ደግሞ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ምክንያቱም በጀታችሁ አንድ ጊዜ ከተበላ የሚተካላችሁ የለም። አዲስ አበባ ካለ አንድ አቅራቢ ፍሎረሰንት አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዝና የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ፕሮቲን፣ ገዝተን ተበልተናል። ሰውየው አሁንም ፕሮፎርማ እየበተነ ነው።

ላባችን ውስጥ አንዲት የማስተርስ ተማሪ አለች። የቲቢ ታካሚዎች ደም ውስጥ ያሉትን ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ከልክ እንዳያልፍ የሚገቱትን ነጭ የደም ሴሎች፣ ነው የምታጠናው። እነዚህ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከሌላው ሊምፎሳይት አይለዩም። የሚለዩት ላያቸው ላይ ባሉት ሪሴፕተሮች ነው፦ ሲዲ4 አላቸው፣ የኢንተርሉኪን 2 ሪሴፕተር አካል የሆነው ሲዲ25 በብዛት አላቸው፣ የኢንተርሉኪን 7 ሪሴፕተር የሆነው ሲዲ127 ደግሞ ትንሽ ነው። ለእያንዳንዱ ሪሴፕተር የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ ይጨመራል፣ ከዚያ ፍሎው ሳይቶሜትሩ ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የትኛው በየትኛው ቀለም እንዳበራ ይመዘግባል። አንቲቦዲው ከተበላሸ ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚያወጣው ቁጥር ከንቱ ነው።

ሲዲ127 በፒኢ ቀለም ነበረን። የጎደለን ሲዲ4 በፊትሲ እና ሲዲ25 በፒኢ ሳይ7 ነበር፤ ፊትሲና ፒኢ ሳይ7ም የሚያበሩ ቀለሞች ናቸው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሪኤጀንት (ለላብ ሥራ የሚውል ኬሚካል) ዋጋው ጣራ ነክቷል፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ይህ አቅራቢ ከሌሎቹ በጣም የወረደ ዋጋ አቀረበ። "እጄ ላይ አለ፣ ወራት መጠበቅ የለባችሁም" አለ። ግማሹን ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። እጁ ላይ ያለው የት ፍሪጅ ውስጥ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ በምን እንደሚሠራ ግን የጠየቀው አልነበረም፤ የግዥ ቅጹ ላይም እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም።

ዕቃው በሕዝብ ማመላለሻ መጣ። በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ወደ 275 ኪሎ ሜትር መንገድ። ካርቶኑ ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ በረዶ፣ ከበረዶው ጋር የተጣበቁ ሁለት ቫያሎች (ትንንሽ ጠርሙሶች)። ፎይል የለም፣ ከብርሃን የሚከልላቸው ምንም ነገር የለም። ፈሳሹ ድንጋይ ሆኗል። ስደውልለት "ዶክተር፣ እንዳይበላሽ ብለን እኮ ነው ፍሪዘር ያስገባነው" አለኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ጋ ነው። ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። መሞቅ የለበትም፣ መቀዝቀዝ አለበት፣ በረዶ መሆን ግን በፍጹም የለበትም። ክትባት ላይ የሠራችሁ ፔንታቫለንት በረዶ ከሆነ በኋላ እንደሚጣል ታውቃላችሁ፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ፒኢ ከቀይ አልጌ የሚገኝ፣ ወደ 240 ኪሎዳልተን የሚመዝን ትልቅ ፕሮቲን ነው። በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ መዋቅሩ ይጎዳል፣ ማብራቱም ይቀንሳል። ፒኢ ሳይ7 ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁለት ቀለሞች ተጣምረው ነው የሚሠሩት። ሌዘሩን ፒኢው ይቀበላል፣ ጉልበቱን ለሳይ7 ያቀብላል፣ የሚያበራው ሳይ7 ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ብቻውን ይህን ጥምረት ለመበጠስ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሌብሉን አየን። በኮምፒውተር የታተመ ተራ ወረቀት ነው፦ ሲዲ4፣ ፊትሲ፣ 100 ቴስት። በቃ። የአምራቹ ስም የለም፣ ክሎን (የአንቲቦዲው ልዩ ዓይነት መለያ ስም) የለም፣ ካታሎግ ቁጥር የለም፣ ሎት ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለይ ቁጥር) የለም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የለም። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የሚወጣ ቫያል የለም። ይህ ከትልቅ ቫያል ተቀድቶ የተከፋፈለ ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ያህል እንደቀጠነ ደግሞ የቀዳው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስንጨቀጭቀው በቴሌግራም የዳታ ሺት ፎቶ ላከ። የሲዲ4ቱ ክሎን ጂኬ1.5 ይላል። ጂኬ1.5 የሚይዘው የአይጥ ሲዲ4ን ነው። የሰውን አይዝም! ስሙ አንድ ቢሆንም የሰው ሲዲ4 እና የአይጥ ሲዲ4 የተለያዩ ፕሮቲኖች ናቸው። ለሰው ደም የሚሆኑት እንደ አርፒኤ-ቲ4፣ ኤስኬ3 ወይም ኦኬቲ4 ያሉት ክሎኖች ናቸው። የግዥ ጥያቄያችን ላይ "ለሰው ናሙና" ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። መልሱ "ሲዲ4 አዘዛችሁ፣ ሲዲ4 አመጣሁ" ሆነ።

ለማንኛውም ብለን ፈተሽነው። የአንድ ጤነኛ ፈቃደኛ ደም ወስደን፣ ከድሮው ቫያል የተረፈችውን የታወቀች ሲዲ4 እና አዲሱን ጎን ለጎን አሠራን። በድሮው ሴሎቹ ጥርት ብለው ተለይተው ወጡ። በአዲሱ ምንም የለም። ጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ገደማ የሲዲ4 ሴል አለው። ዜሮ የሚባል ነገር ሊሆን አይችልም።

እኔን ግን የበለጠ ያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ሲዲ4ቱ ዝም ስላለ ወዲያው ያስታውቃል። ሲዲ25ቱ ይዋሻል። እሱን ብቻ የጨመርንበትን ቲዩብ ስናስነብብ ብርሃኑ የወጣው በፒኢ በኩል ነው፣ ጥምረቱ ስለተበጠሰ ማለት ነው። በፒኢ በኩል ደግሞ የምናነበው ሲዲ127ን ነው። ስለዚህ ሲዲ25 ያላቸው ሴሎች በሙሉ ሲዲ127ም በብዛት ያላቸው ይመስላሉ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የሚለየው ደግሞ ሲዲ127 ትንሽ በመሆኑ ነው። ተማሪዋ ሳትፈትሽ ናሙናዎቹን ብታሠራ ኖሮ "የቲቢ ታካሚዎች ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የላቸውም ማለት ይቻላል" ብላ ትጽፍ ነበር። ግራፉም ያምራል። ታካሚዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም እንዲህ ላለ ውሸት ይውል ነበር። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እባካችሁ፣ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ "ሲዲ4 ፊትሲ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ክሎኑን፣ ለየትኛው ፍጥረት እንደሆነ፣ አምራቹንና ካታሎግ ቁጥሩን ጻፉ። ከመክፈላችሁ በፊት የቫያሉን ፎቶ ከነሎት ቁጥሩ አስልኩ፤ ብዙ አምራቾች ሎት ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ስታስገቡ የጥራት ሰርተፍኬቱን ያወጡላችኋል። ሻጩ እውነተኛ ወኪል መሆኑንም ለአምራቹ ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ከሙቀት መመዝገቢያ ጋር ይላክ የሚል ይግባ። "ርካሽ ነው፣ ትንሽ ቀድቼ ልስጥህ" ለሚል ሰው መልሱ አይሆንም ነው፤ ከተወደደባችሁ የ25 ቴስት መጠን ያለውን ከነማሸጊያው ግዙ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የላብ ሰው ቫያሉን ሳያይ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እንዳይቆርጥ። እኛን ያተረፈን ይሄ ነው። የንብረት ክፍሉ ባልደረባችን "እናንተ ካላያችሁት አልቆርጥም" ስላለ ቀሪው ግማሽ ክፍያ አልወጣም። እግዚአብሔር ይስጠው። ቅድሚያ የተከፈለው ግን እስካሁን አልተመለሰም። ጉዳዩ በደብዳቤ ለሕግ ክፍል ስለቀረበ የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ቫያል "ለምርምር ብቻ" የሚል እንኳ አልተጻፈበትም። ክሊኒክ ውስጥ ለታካሚ የሲዲ4 ቆጠራ እንጠቀምበት የሚል ሰው ካለ በፍጹም እንዳይሞክረው። ከ200 በታች የሆነ ቁጥር የኤችአይቪ ታካሚን ሕክምና የሚቀይር ነው፣ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ሰው ይጎዳል።

በእጃችሁ ያለ፣ ሌብሉ በተራ ወረቀት የታተመ ቫያል ካለ ናሙና ሳታባክኑ ጻፉልኝ። የታወቀችው ሲዲ4 ጥቂት ቴስት ስለቀራት ጎን ለጎን እንፈትሻለን። በመጪው ግዥም ሁለት ሦስት ላብ ሆነን ከትክክለኛው ወኪል በአንድ ላይ ብናዝዝ የማጓጓዣውን ወጪ እንካፈላለን። ፍላጎት ያላችሁ የምትፈልጉትን ሪሴፕተርና ቀለም ዘርዝራችሁ ላኩልኝ፣ ዝርዝሩን እኔ እይዛለሁ።